ፊቴን ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ?

ከአያት እስከ ጣፎ፣ ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ድሮ "ከተማ ዳር" በምንለው ሰፈር ሁሉ የኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ የውበት ሳሎን አይጠፋም። ቀድሞ በሩ ላይ የሚለጠፈው ሹሩባ፣ ፔዲኪዩርና ሂና ነበር። አሁን አንዳንዱ ዘንድ "ቦቶክስ" እና "የከንፈር ፊለር" ተጨምረዋል። ቲክቶክም አለበት። ወሬው ከቦሌ ወጥቶ እኛ ጋ ደርሷል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ነው?" እና "ያማል እንዴ?" ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ግን ከነሱ የሚቀድሙ ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ያስጨነቀኝ ነገር መርፌ የሚያስተካክለው ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ነገሩ ቢበላሽ ማን ያድነኛል፣ እሱስ ከቤቴ ምን ያህል ይርቃል? ዳር ሰፈር ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ይከብዳል።

ቦቶክስና ፊለር ሲወሩ እንደ አንድ ነገር ነው የሚወሩት። ሁለቱም በመርፌ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይገናኙም።

ቦቶክስ ውስጥ ያለው ቦቱሊነም ቶክሲን የሚባል፣ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። አዎ፣ መርዝ ነው። በአግባቡ ባልታሸገ ምግብ ውስጥ ሲፈጠር ሰው የሚገድለው ራሱ ነው። መድኃኒት የሚሆነው መጠኑ እጅግ ሲያንስና የሚሰጠው ሰው ቦታውን ሲያውቅ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቶክሲኑ ይህ ንጥረ ነገር ከነርቩ ጫፍ እንዳይወጣ ይዘጋል። ትእዛዙ ካልደረሰው ጡንቻው ይላላል፣ በላዩ ያለው ቆዳም መሸብሸቡን ያቆማል። ለውጡ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ቆይቶ ይለቃል።

መጀመሪያ ለውበት ተብሎ አልተሠራም። አላን ስኮት የሚባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የዐይን ሐኪም ሸውራራ ዐይን ለማቃናት ነበር የሞከሩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1989 ለሸውራራ ዐይንና ለዐይን ሽፋን መንቀጥቀጥ ፈቀደው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጂን ካሩተርስ የተባሉ የዐይን ሐኪም ለዐይናቸው የሚወጉ ታካሚዎች የቅንድብ መሃላቸው ሽብሽብ ሲጠፋ አስተዋሉ። ባለቤታቸው አላስቴር የቆዳ ሐኪም ነበሩ። አብረው አጥንተው በ1992 ጽሑፍ አወጡ፣ አሜሪካ ውስጥ ለውበት ደግሞ በ2002 ተፈቀደ። ዛሬም ሥር ለሰደደ ማይግሬን፣ ለብብት ከልክ ያለፈ ላብ፣ ከስትሮክ በኋላ ለሚገታተር እጅና እግር ይሰጣል። ስለዚህ "የሀብታም ቅብጠት" ብቻ አድርጋችሁ አትዩት።

ፊለር ጡንቻ ጋ አይደርስም። ሥራው የጎደለ ቦታ መሙላት ነው። በብዛት የሚሰጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው። ይህ ነገር በቆዳችን ውስጥ በተፈጥሮ አለ፣ ውኃ ይይዛል። የሚመጣው በተሞላ መርፌ ሲሆን በብዛት መጠኑ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ነው። እንደ ዓይነቱና እንደሚወጋበት ቦታ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ማሟሚያ መድኃኒት አለው። ቅርጹ ካላማረ ወይም አደጋ ከመጣ ሐኪሙ ያሟሟዋል። ሌሎቹ የፊለር ዓይነቶች ይህ የላቸውም። "ይሄ ቋሚ ነው፣ አንዴ ከፍለሽ ትገላገያለሽ" የሚላችሁ ሰው ካጋጠመ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ። ፊት በየዓመቱ ይለወጣል፣ ቋሚው ነገር ግን የተቀመጠበት ይቀራል። ፈሳሽ ሲሊኮንማ ጭራሽ አይነሣ። ያው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለፊት ማስዋቢያ በመርፌ እንዲሰጥ አልፈቀደውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ ሜካፕ ሳትቀቡ መስታወት ያዙ። ስልክ አይሆንም፣ የስልክ ካሜራ ከቅርብ ሲያነሣ አፍንጫን ያሳብጣል። መጀመሪያ ፊታችሁን ዘና አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ኮስተር በሉ። ቅንድባችሁን ወደ ላይ ስቀሉ። ሳቁ። መልሳችሁ ዘና በሉ።

መስመሩ የሚታየው ስትኮሳተሩ ወይም ስትስቁ ብቻ ከሆነ፣ ያ የጡንቻ ሥራ ነው። የቦቶክስ ጉዳይ ነው። ዘና ስትሉም መስመሩ ካልጠፋ፣ ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የከረመ ነጠላ ሲዘረጋም እጥፋቱ እንደሚታየው ማለት ነው። ቦቶክስ ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚታየው ጉድጓድ ከሆነ፣ ጉንጭ ሲጎድል ወይም ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር የሚወርደው መስመር ሲጠልቅ፣ እሱ የፊለር ነው። አንገትና አገጭ ላይ የተንጠለጠለ ቆዳ ሲሆን ሁለቱም ብዙ አይረዱም። ፊለር እየጨመሩ ቆዳ ለማንሣት ሲሞከር የሚያብጥ ፊት ይመጣል። አይታችሁት ታውቁ ይሆናል።

ያስጨነቃችሁ ቀለም ከሆነስ? ማድያት፣ የብጉር ጥቁር ምልክት፣ ወጥ ያልሆነ የፊት ቀለም? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ብዙውን ሰው መስታወት ፊት የሚያቆመው ይኼ ነው።

ጠቆር ያለ ቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን ከፀሐይ ይከላከላል። ስለዚህ ሽብሽቡ ከነጮቹ ዘግይቶ ይመጣል። በሠላሳ ዓመቷ ቦቶክስ የሚያሻት አበሻ እምብዛም ናት፣ ቲክቶክ ላይ ያለችው የሠላሳ ዓመት ፈረንጅ ግን ሊያሻት ይችላል። የኛ ቆዳ ጣጣው ቀለሙ ነው። ሲቆጣ፣ ሲቧጠጥ፣ ሲቃጠል ይጠቁራል። ቦቶክስም ፊለርም ማድያት አያጠፉም። የቆዳ ቀለም ላይ የሚሠሩት ምንም ነገር የለም። እንዲያውም መርፌው የወጋበት ቦታ በራሱ ለጊዜው ሊጠቁር ይችላል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ስትወጡ ደግሞ ይጨምራል። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስለሚሰማን ፀሐይዋ የዋህ ትመስለናለች፣ አይደለችም። ጃንጥላ ይዘው ታክሲ የሚጠብቁ እናቶች ከሁላችን ቀድመው የገባቸው ነገር ነው። ለማድያት በየቀኑ የሚቀባ ሰንስክሪን፣ በተለይ ቀለም ያለው፣ ከማንኛውም መርፌ ይበልጣል። ቀለም ያለው ውስጥ የሚገባው የብረት ኦክሳይድ ዐይን የሚያየውን ብርሃንም ስለሚከለክል ነው፤ ያ ብርሃን ማድያትን ያባብሳል። ሱቅ ላይ የሚሸጡት "ማንጫ" ክሬሞች ግን ሌላ ጣጣ ናቸው። ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። መጀመሪያ ፊት ያበራሉ፣ ከዚያ ቆዳ ያሳሳሉ፣ ሲተዉአቸው ፊቱ ይቀላል፣ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ክሬም ላይ ያለች ሴት መርፌ ከማሰቧ በፊት ቆዳዋ ይታይላት። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ከጥንት ጀምሮ የቆዳ ሕክምና ቤት ነው፣ ለምዕራቡና ለደቡብ ምዕራቡ ዳር ሰፈር ደግሞ ቅርብ ነው።

"ለውበት ብሎ መርፌ ነውር ነው" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን በመርፌ ተነቅሰዋል፣ ያውም ያለ ማደንዘዣ። ጥያቄዬ ነውሩ ላይ አይደለም። ለማን ብላችሁ ነው የሚለው ግን ያሳስበኛል። ባል "አረጀሽ" ስላለ፣ ወይም ፍቅር ተበጥሶ በሳምንቱ ከሆነ፣ ጥቂት ወር ይቆይ። በቀን ደጋግማችሁ መስታወት የምታዩ፣ ሌላ ሰው የማያየው ጉድለት እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ ደግሞ መርፌው ያንን አያክምም። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይነሣል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው።

ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው የማይሆንላቸው ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትቆይ፣ ደኅንነቱን የሚያረጋግጥ በቂ መረጃ የለም። ማያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ የጡንቻ ድካም በሽታ ያለበት ሰው ቦቶክስ ሊያስቸግረው ይችላል። ክሊኒክ በሄድን ቁጥር የሚወጋን ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም የቶክሲኑን ኃይል ይጨምራል፣ ሰሞኑን ከወሰዳችሁ ተናገሩ። ከንፈራችሁ ላይ ምች የሚወጣባችሁ ከሆነ የከንፈር ፊለር ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ሐኪሙ ቀድሞ መከላከያ ክኒን ይሰጣችኋል። ጠባሳችሁ የሚያብጥ ከሆነም ተናገሩ። አስፕሪን የምትወስዱ ትበልዛላችሁ። ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን ለመርፌ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሙሽሮችም አሉ። ሰርጉ ጥር ላይ ከሆነ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሮጣችሁ አትሂዱ። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ወር ይቅደም፣ ያበጠው ይጉደል፣ የማይሆነው ይታወቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም ሲበላሽስ?

የቦቶክስ ችግር በአብዛኛው አናዳጅ እንጂ አስፈሪ አይደለም። ራስ ምታት፣ መበለዝ፣ አንዳንዴ የዐይን ሽፋን መውደቅ ወይም የተጣመመ ፈገግታ ይመጣል። ማሟሚያ የለውም፣ ግን በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ ከተወጋበት ይርቅና መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ያስቸግራል። ያኔ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የፊለር ጥቂት ግን ከባድ አደጋ ደግሞ ጄሉ የደም ሥር ውስጥ መግባቱ ነው። ሥሩ ከተዘጋ ቆዳው ደም ያጣል፣ ይሞታል። የአፍንጫ፣ የቅንድብ መሃልና የግንባር ሥሮች ከዐይን ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ ዓይነ ስውርነትም ደርሷል። ብዙ አይደርስም። ሲደርስ ግን ጊዜ አይሰጥም፣ ብርሃን የሚቀበለው የዐይን ክፍል፣ ሬቲና፣ ያለ ደም ብዙ አይቆይም።

ምልክቱን ፈረንጆቹ "ቆዳው ይነጣል" ብለው ያስተምራሉ። በኛ ቆዳ ላይ መንጣቱ በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ በጣት ተጭናችሁ ልቀቁና ቀለሙ ስንት ሰኮንድ ቆይቶ እንደሚመለስ ከሌላው ጎን ጋር አስተያዩ። ከዘገየ፣ ወይም እንደ መረብ ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ከታየ፣ ወይም ሕመሙ ከመርፌ ሕመም በላይ እየጠነከረ ከሄደ "ይለፍ" ብላችሁ አትተኙ። ዐይን ከደበዘዘ ወይም አፍ ከተሳሰረ ያንኑ ደቂቃ ነው።

ዳር ሰፈር ላይ ነገሩ የሚከፋው እዚህ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ መሃል ከተማ ወጥታችሁ ከሆነ የመንገዱን ነገር አልነግራችሁም። ስለዚህ ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ዓርብ ማታ ወይም ከበዓል ዋዜማ አይሁን፣ የወጋችሁ ሰው በማግስቱ መገኘት አለበት። ከመቀመጣችሁ በፊት ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ "ሃያሉሮኒዴዝ አሁን እዚህ አላችሁ? ላየው እችላለሁ?" ያለው ሐኪም ፍሪጅ ከፍቶ ያሳያል። የሌለው ይቆጣል፣ ወይም "እስካሁን ምንም ገጥሞን አያውቅም" ይላል። የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ማሟሚያው በሌለበት ቤት ፊለር የለም።

ስለ ፍሪጅ ካነሣን፣ ቦቶክስ የሚመጣው በትንሽ ብልቃጥ ነው። ስታዩት ባዶ ይመስላል፣ ከሥሩ በቀጭኑ የተለጠፈ ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው። ባለሙያው ጨዋማ ፈሳሽ ጨምሮ ያዘጋጀዋል። እስከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ ከተቀላቀለ በኋላም አምራቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቅ ይላል። መብራት ሦስት ቀን በሚጠፋበት ሰፈር ጄኔሬተር አላችሁ ወይ ማለት ነገረኛነት አይደለም። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ፣ የማን ፍሪጅ ውስጥ እንደከረመ የማይታወቅ ብልቃጥ ርካሽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንኳን በ2024 ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሴቶች በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ታመው ሆስፒታል የተኙ ነበሩ። የተወጉትም ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች፣ ወይም ቤትና ስፓ ውስጥ ነበር። እዚያው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በ2018 ፈቃድ የሌለው ስፓ ውስጥ ከራሳቸው በተቀዳ ደም ፊታቸውን በመርፌ ያሠሩ ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘዋል። ብልቃጡ ፊታችሁ ይከፈት፣ መርፌው ፊታችሁ ከማሸጊያው ይውጣ። የምርቱ ስምና የባች ቁጥሩም ካርዳችሁ ላይ ይጻፍ። ቦቶክስ የሚለካው በዩኒት ነው፤ ስንት ዩኒት እንደተወጋችሁም አስጽፉ፣ ምክንያቱም የአንዱ ብራንድ ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፈቃድም ይነበብ። የንግድ ፈቃድ ሌላ፣ የጤና ተቋም ፈቃድ ሌላ ነው። ሳሎኑ ጸጉር ለመሥራት የተፈቀደለት ሊሆን ይችላል፣ መርፌ መያዝ ግን ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠረው የከተማዋ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ግን አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ቁጥጥሩም የኦሮሚያ ነው። መንገዱን ስትሻገሩ ተቆጣጣሪው ይቀየራል ማለት ነው፣ ማን እንደፈቀደ ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ራሱ በአገር ደረጃ መመዝገቡን ለማጣራትም ሆነ ጉዳት ሲደርስ ለመጠቆም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 አለ። "የሚወጋው ዶክተር ነው" ካሏችሁም ምን ዶክተር እንደሆነ ጠይቁ። የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት ሌላ፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰርተፍኬት ሌላ ነው።

ዋጋውን በቶሎ እንለፈው። ዕቃው ከውጭ ስለሚገባ ከምንዛሪው ጋር ይወጣል። ቁም ነገሩ የአንድ ቀኑ ዋጋ ላይ አይደለም። ቦቶክስ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ነው፣ የነገሩዋችሁን ብር በአራት አባዙት። ዕቁብ ወጥቶላችሁ አንዴ ብትወጉ በአራት ወሩ ፊታችሁ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አይብስም፣ ብዙዎች እንደሚፈሩት። ብቻ ይመለሳል። ስለዚህ አንዴ ሞክሮ መተውም መብት ነው።

ተወጋችሁ እንበል። የዚያን ቀን አታሹት፣ ለአራት ሰዓት ያህል አትተኙ፣ ስቲምና ጂም ይቅሩ። ሜካፑም ለማግስቱ ይቆይ። የቦቶክስ ለውጥ በሦስተኛው ቀን ካላያችሁ፣ ወይም አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ፣ ሄዳችሁ "ጨምሩልኝ" አትበሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውጤቱ አይታወቅም። ሲሞላ ያው የወጋችሁ ሰው፣ ከመወጋታችሁ በፊት የተነሣውን ፎቶ አጠገባችሁ አድርጎ ይየው።